ሮበርት ቦይልና እውነትን የሚገልጥ ቀለም

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፣ እርድ ከወጥ ቤት አይታጣም። አልጫ ወጥ በነጭ ልብስ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ልብሱ ብጫ ይሆናል። ያንኑ ልብስ በሳሙና ሲያጥቡት ብጫው ወዲያው ተለውጦ እንደ ሸክላ ይቀላል፤ ሎሚ ቢጨምቁበት ደግሞ ወደ ብጫነቱ ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ተራ መስሎ የሚታይ ነገር ለሚጠይቅ ሰው የትልቅ ዕውቀት በር ይሆናል። በሩቅ አገር፣ በሌላ አበባ ላይ፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ አይቶ ዝም ብሎ ያላለፈ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ሮበርት ቦይል ይባላል። በታሪኩ ውስጥ የሚጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቦይል በ1627 ዓ.ም. በአየርላንድ አገር፣ በሊዝሞር ግንብ ተወለደ። ይህም በኢትዮጵያ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን ነው። አባቱ ሪቻርድ ቦይል የኮርክ መስፍን ይባል ነበር፤ በጐልማሳነቱ ከጥቂት ገንዘብ በቀር ሳይዝ ወደ አየርላንድ መጥቶ፣ በኋላ ከመንግሥቱ ታላላቅ ባለጠጎች አንዱ ለመሆን በቃ። ሮበርት ለዚህ ሰው ዐሥራ አራተኛ ልጅ፣ ከወንዶቹም ሰባተኛው ነበረ። አባቱ ልጆቹ በቅምጥልነት እንዲያድጉ አይወድም ነበርና፣ ሕፃኑን ለባላገር ሞግዚት ሰጥቶ እንደ ድኻ ልጅ አሳደገው። ወደ አባቱ ቤት ሳይመለስ እናቱ ሞተች፤ እርሱም መልኳን ለማስታወስ አለመቻሉ በኋላ ዘመን ያሳዝነው ነበር። ሲናገርም ምላሱ ይተበተብ ነበር፤ ይህም ጕድለት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

ስምንት ዓመት ሲሆነው በእንግሊዝ አገር ወዳለው ወደ ኢተን ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያም መጽሐፍ ማንበብን ከጨዋታ አብልጦ ወደደ። በ1639 ዓ.ም. ከወንድሙና ከመምህሩ ጋራ ወደ አውሮፓ አገሮች ተጓዘ፤ ብዙ ጊዜም በጄኔቫ ከተማ ተቀመጠ።

በጄኔቫ ሳለ አንድ ሌሊት ታላቅ ነጐድጓድና መብረቅ ሆነ። ብላቴናው ከእንቅልፉ ነቅቶ የዓለም ፍጻሜ የደረሰ መሰለውና ፈራ፤ ሳይዘጋጅ መገኘቱንም አስቦ፣ ከዚያች ሌሊት ቢተርፍ ቀሪውን ዕድሜውን ለእግዚአብሔር እንደሚሰጥ ተሳለ። ነጋ፤ ሰማዩም ጠራ። ብዙ ሰው በፍርሃት የተሳለውን በደኅና ቀን ይረሳዋል። እርሱ ግን ስእለቱ ከድንጋጤ የተወለደ ብቻ እንዳይሆን ብሎ፣ ምንም በማያስፈራ ጊዜ፣ በጠራ ሰማይ ሥር ቃል ኪዳኑን እንደ ገና አጸና። ከዚያም በኋላ ልቡን ጥርጥር እያወከው ብዙ ወራት ተጨነቀ፤ ነገር ግን ጥርጥሩን በመሸሽ ሳይሆን በመመርመር አሸነፈው። የራሱን ልብ እንዲህ መፈተን የጀመረ ልጅ፣ በኋላ የፍጥረትን ነገር ሁሉ በመፈተን የታወቀ ሰው ሆነ።

በ1642 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦይል በኢጣልያ አገር በፊሬንዜ ከተማ ነበረ፤ በዚያው ወራት ታላቁ የከዋክብት መርማሪ ጋሊሌዮ ከከተማው አጠገብ ዐረፈ። ብላቴናውም የዚህን ሰው መጻሕፍት አነበበ። ወዲያው ግን በአየርላንድ ሁከት ተነሥቶ የአባቱ ርስት ስለ ጠፋ፣ የሚላክለት ገንዘብ ተቋረጠ። የባለጠጋ ልጅ የነበረው በሰው አገር ያለ ስንቅ ቀረ፤ በመምህሩም ርዳታ ኖረ። በ1644 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሲመለስ አባቱ ሞቶ፣ አገሩም በእርስ በርስ ጦርነት ተከፋፍሎ ቈየው። የተቀበለችው ታላቅ እኅቱ ካተሪን ናት፤ እርስዋም በዕውቀትና በደግነት የተመሰገነች ሴት ነበረች። ከዚህ በኋላ ሁለቱ እስከ ሞት ድረስ ከልብ ተፋቅረው ኖሩ።

ቦይል አባቱ ባወረሰው በስቶልብሪጅ ርስት ተቀምጦ የምርምር ሥራ ሊጀምር አሰበ። ከሩቅ ያስመጣው የሸክላ ምድጃ ግን በመንገድ ተሰባብሮ ደረሰ። ተስፋ ሳይቈርጥ ሌላ አበጀ፤ ጥቂት ዓመትም ሳይቈይ ቀንና ሌሊት ከእሳቱና ከብልቃጡ የማይለይ ሰው ሆነ። ዓይኑ ስለ ደከመ ብዙውን ጊዜ ራሱ መጻፍ አይችልም፤ ቃሉን እየተናገረ ጸሓፊዎች ይጽፉለት ነበር።

ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ ከ1656 እስከ 1668 ዓ.ም. ድረስ ተቀመጠ። በእነዚያ ዓመታት በኦክስፎርድና በሎንዶን የቡና መጠጫ ቤቶች ገና መከፈት ጀምረው ነበር፤ ሊቃውንቱም በዚያ ተሰብስበው ይነጋገሩ ነበር። ይጠጡት የነበረው ቡና በየመን ወደቦች በኩል የሚሄድ ነው፤ የተክሉ ጥንተ አገር ግን የከፋና የጅማ ጫካ ያለበት የኢትዮጵያ ምዕራብ ደቡብ መሆኑን የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በኦክስፎርድ ቦይል ሮበርት ሁክ ከሚባል ብልህ ወጣት ጋራ አየርን ከብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። አየር በወጣ ጊዜ ሻማ እንዲጠፋ፣ የደወልም ድምፅ እንዲደክም በዚያ መሣሪያ አሳየ። በ1662 ዓ.ም. ደግሞ አየር በተጨመቀ መጠን ስፍራው እንደሚያንስ፣ ግፊቱ ግን በዚያው ልክ እንደሚጨምር በቍጥር ገለጠ፤ ይህም ሕግ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሌሎች የተሳካላቸውን ብቻ ሲጽፉ፣ እርሱ ያልተሳካለትንም ሙከራ እየጻፈ አሳተመ፤ የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት እንደሚሆን ያውቅ ነበርና። ሆኖም እርሱም ሰው ነው፤ ተራውን ማዕድን ወርቅ ለማድረግ ብዙ ዘመን ደክሞ ሳያገኘው ሞተ።

በ1664 ዓ.ም. ስለ ቀለማት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ከነገራቸው ሙከራዎች አንዱ የቪዮላ አበባ ጭማቂ ነው። ቪዮላ ሐምራዊ ቀለም ያላት ትንሽ አበባ ናት፤ ባለመድኃኒቶች ጭማቂዋን ከስኳር ጋራ አፍልተው ለመድኃኒት ያኖሩት ነበር። ቦይል ከዚህ ጭማቂ ጥቂት በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠበ፤ በላዩም ኮምጣጤ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ውሃ ጨመረ፤ ሐምራዊውም ቀላ። በሌላው ጠብታ ላይ ከአመድ የተጣራ ውሃ ጨመረ፤ ያን ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ኮምጣጣ ነገር ጭማቂውን እንደሚያቀላ ከእርሱ በፊት ያዩ ነበሩ። ቦይል ግን በአንድ ሙከራ አልረካም፤ ሌሎች አበቦችንና ፍሬዎችን፣ ብዙ ዐይነት ፈሳሾችንም እየለዋወጠ ሞከረ። በመጨረሻም ይህ ለውጥ የአጋጣሚ ነገር ሳይሆን ሕግ መሆኑን፣ በዚህም ምልክት አንድ ነገር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አስተማረ። አመልካች የሚባሉት ቀለሞች ሥራ በትክክል የተጀመረው ከዚህ ነው።

ይህ ለምን ጠቀመ ቢሉ፣ በዚያ ዘመን አንዱን ፈሳሽ ከሌላው የሚለዩት ብዙ ጊዜ በምላስ በመቅመስ ነበር። ምላስ ግን ትሳሳታለች፤ አንደኛው ጐምዛዛ ያለውን ሁለተኛው መራራ ይለዋል። ደግሞም የሚቀመሰው ሁሉ ለሕይወት የሚስማማ አይደለም። ቀለሙ ግን ለባለጠጋም ለድኻም፣ ለሊቅም ለተማሪም ያው ነው፤ ተመልካቹን አያይም፤ የነካውን ነገር ብቻ ይመሰክራል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም ነበረው። በዘመኑ ከነበሩት ሐኪሞችና ባለኬሚዎች ብዙዎች በዓለም ያለው ነገር ሁሉ ኮምጣጣው አሲድ፣ ወይም ተቃራኒው አልካሊ ነው ይሉ ነበር፤ በሽታውንም መድኃኒቱንም በሁለቱ ጠብ ይተረጕሙት ነበር። ቦይል ይህን ትምህርት በምርመራ ተቃወመው። ጨው በውሃ ሟሙቶ ቢጨመር የቪዮላን ቀለም አያቀላም፤ አረንጓዴም አያደርግም። ከእንጨት በእሳት አጣርቶ ያወጣውም አንድ ፈሳሽ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ወገን የማይቈጠር ሦስተኛ ወገን መኖሩን አሳየ፤ በ1675 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍም ዓለምን ሁሉ ለሁለት መክፈል ችኰላ መሆኑን ገለጠ። ሰውም እንዲህ ነው፤ ሰውን ሁሉ ወዳጅና ጠላት ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ ሳይፈትን የሚፈርድ ነው።

ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ ቦይል በሚገባ ሊያውቅ አልቻለም፤ ምክንያቱ የታወቀው ከእርሱ በኋላ ነው። ኮምጣጣ ነገር የሃይድሮጅንን ቅንጣት ይሰጣል፤ አልካሊ ግን ይወስዳል። የአበባው ቀለም ያን ቅንጣት በተቀበለ ጊዜና በተወሰደበት ጊዜ የሚውጠው የብርሃን ዐይነት ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ለዓይን የሚታየው መልኩ ይለወጣል። እርድም በሳሙና የሚቀላው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳሙና ከአልካሊ ወገን ነውና። በእርድ የተነከረ ወረቀት በምርምር ቤቶች አልካሊን ለማወቅ ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል።

ሌላውን የሚፈትን ሰው ራሱ የተፈተነ እንደ ሆነ ምን ይመስላል? የቦይል ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በ1660 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋራ በሎንዶን የመሠረቱት ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር፣ በ1680 ዓ.ም. አለቃው እንዲሆን መረጠው። ለአንድ ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ክብር በአገሩ አልነበረም። ነገር ግን ሹመቱ መሐላ ይጠይቃል፤ እርሱም ስለ መሐላ እጅግ ይጠነቀቅ ነበር። ሌላው ሰው አፉን ብቻ አንቀሳቅሶ የሚያልፈውን እርሱ ከልቡ ሳያረጋግጥ ሊናገረው አልፈቀደም፤ ስለዚህ ሹመቱን ተወ። የመኰንንነት ማዕርግ ሊሰጠው ሲፈልጉም አልተቀበለም። ካህን ሆኖ ወደ ጵጵስና እንዲወጣ ቢመክሩት፣ ከእግዚአብሔር ጥሪ እንደ ተቀበለ በልቡ አልተሰማውምና እንቢ አለ፤ ደመወዝ የማይቀበል ሰው ስለ ሃይማኖት ቢጽፍ ቃሉ ይበልጥ እንደሚታመንም ዐሰበ። ክብር የኮምጣጤ ጠብታ ሆኖ ወደቀበት፤ የልቡ ቀለም ግን አልተለወጠም።

ገንዘብም ፈተነው። የቤተ ሰቡ ሀብት የተገኘው ከአየርላንድ መሬት ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ብዙ ርስት ከባለቤቱ ተወስዶ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ንጉሡ ሲመለስ ከተወረሰ የቤተ ክርስቲያን ርስት የሚገኝ ገቢ ለቦይል ሳይለምን ተሰጠው። ይህ ነገር ኅሊናውን ይከብደው ነበር፤ በእርጅናው ጊዜ እንኳ ጳጳሳትን ያማክር ነበር። ገቢውን ለራሱ ምቾት ሳያደርግ ድኾችን ለመርዳትና ወንጌልን ለማስፋፋት አዋለው። የአየርላንድ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ቋንቋ እንዲያነቡ፣ ፊደሉን በገንዘቡ አስቀርጾ በ1681 ዓ.ም. አዲስ ኪዳንን፣ በ1685 ዓ.ም. ብሉይ ኪዳንን አሳተመ። በ1677 ዓ.ም. ደግሞ አራቱ ወንጌሎችና የሐዋርያት ሥራ በማላይ ቋንቋ በእርሱ ወጪ ታተሙ። የወሰደውን ያልመለሰ ምጽዋት ጕድለት አይሞላ ይሆናል፤ ሆኖም ከሀብቱ በታች ያለውን ነገር ከራሱ አልሰወረም፤ በዚህም ከብዙ ባለጠጎች ይለያል።

በ1668 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተመልሶ በእኅቱ በካተሪን ቤት ተቀመጠ። ሚስት ሳያገባ ኖረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽባነት ወድቆበት ብዙ ጊዜ ታመመ፤ ሲሻለው ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1685 ዓ.ም. ስለ ማዕድን ውሃዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕመምተኞች የሚጠጡት የምንጭ ውሃ ምን ምን እንዳለበት አስቀድሞ እንዲመረመር አስተማረ፤ ከዘዴዎቹም የቀለም ለውጥ አንዱ ነበር። በ1691 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ካተሪን ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመት አብራው የኖረችው እኅቱ በሞተች በሳምንቱ እርሱም በ64 ዓመቱ ዐረፈ። በኑዛዜውም የክርስትናን እውነት የሚያስረዳ ስብከት በየዓመቱ እንዲሰበክ ሃምሳ ፓውንድ ወሰነ።

ሰውየው ቢሞትም ሥራው አልሞተም። ሊትመስ የሚባለውንም ቀለም፣ በድንጋይና በዛፍ ላይ እንደ ሽበት ከሚበቅለው ነገር እያወጡ በወረቀት ነከሩት፤ ይህም ወረቀት በአሲድ ይቀላል፤ በአልካሊ ሰማያዊ ይሆናል። በ1909 ዓ.ም. የዴንማርክ ተወላጅ ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የምርምር ቤት ሳለ፣ የኮምጣጣነትን መጠን በቍጥር የሚያሳይ ልክ አወጣ፤ ፒ ኤች የሚባለው እርሱ ነው። በተለመደው ልክ ከዜሮ እስከ 14 ይቈጠራል። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሲድ፣ ከዚያ በላይ ያለው አልካሊ ነው። አንድ ቍጥር በወረደ ጊዜ ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል። ዛሬ በምርምር ቤት ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ይለካዋል፤ አመልካች ቀለምም ግን ሥራውን አልተወም።

ይህ ዕውቀት ለቡና አገር ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በሊሙና በጎማ ቀይ እሸት ቡና ሥጋው ከተገፈፈ በኋላ፣ ፍሬው ከነልጋጉ በገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይተዋል። በሚብላላበት ጊዜ አሲድ ይወለዳል፤ ልጋጉም ይላቀቃል። ጊዜው ሳይደርስ ቢታጠብ ልጋጉ አይለቅም፤ ጊዜው ቢያልፍ ደግሞ ቡናው ጣዕሙ ይበላሻል፤ የብዙ ወር ድካምም በአንድ ሌሊት ቸልታ ይጠፋል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በእጁ አሽቶ ያውቀዋል፤ ልኩን በመሣሪያ የሚያይም የእጁን ምስክርነት ያጸናል።

አፈሩም እንዲሁ ነው። የጅማ ምድር በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ይወርድበታል። ዝናቡ ደኑን ያለመልማል፤ ነገር ግን በብዙ ዘመን ካልሲየምንና ሌላውንም አልካሊ ወገን ማዕድን ከቀዩ አፈር አጥቦ ስለሚወስድ፣ አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል። ቡና በመጠኑ የኮመጠጠ አፈር ይስማማዋል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን አሉሚኒዩም የሚባለው ማዕድን ይሟሟና የእህሉን ሥር ይጐዳል፤ በቆሎውም ገብሱም ይቀጭጫል። ዓይን ይህን አያይም፤ ጥሩ አፈርና የታመመ አፈር በመልክ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው ዘሩን ወይም ዝናቡን ይወቅስ ይሆናል፤ አንዳንዱም የጐረቤቱን ክፉ ዓይን። በጅማ አጠገብ በመልኮ እንዳለው ያሉ የእርሻ ምርምር ማዕከሎች አፈርን በመመርመር የሚደክሙት እውነተኛውን ምክንያት ለማግኘት ነው።

ምርመራ አፈሩ እጅግ ኮምጣጣ መሆኑን በገለጠ ጊዜ፣ ብልህ ገበሬ አፈሩን አይሰድብም፤ መርማሪውንም አይቈጣም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በልኩ ነስንሶ ያርሰዋል፤ ምድሩም ቀስ በቀስ ያገግማል። ፈተና የሚጠላው መድኃኒት የማይፈልግ ሰው ነው። ሮበርት ቦይል አበባ ጨምቆ የፍጥረትን ነገር ፈተነ፤ በመሐላና በሹመት፣ በገንዘብም ፊት ራሱን ፈተነ፤ ያገኘውንም ጕድለት ከሰውም ከራሱም አልሸሸገም። ልቡን እንዲህ የሚመረምር ተማሪ ኮምጣጣነት ቢያገኝበት አይደንግጥ፤ መታወቁ የመዳኑ መጀመሪያ ነውና።